ቮልፍስሻንዘን ለማየት ስትሄዱ

በርሊን የምንኖር አበሾች ፖላንድ ስንሄድ ዋርሶን ወይም ክራኮቭን አይተን እንመለሳለን። እኔ ግን ሰሜን ምሥራቁን እዩ እላለሁ። የሂትለር የጦር መምሪያ የነበረው ቮልፍስሻንዘ እዚያ ጫካ ውስጥ ፈራርሶ ይገኛል።

ከዋርሶ በባቡር ኦልሽቲን፣ ከዚያ ኬንትሺን ግቡ። የቀረው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታክሲ ከያዛችሁ መመለሻውንም አብራችሁ ተነጋገሩ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሆነ የቢምቢ መከላከያ ቅባት ያዙ፤ አገሩ ረግረግ ነው።

ምሽጎቹን ጀርመኖች ራሳቸው ናቸው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1945 የሶቪየት ጦር ሲቃረብ ያፈነዷቸው። ቤት የሚያህል ኮንክሪት ተገንጥሎ ተጋድሟል፤ ፌሮው ተጣሞ ወጥቷል። 13 ቁጥር ምሽግ የሂትለር ነው። ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ ዳስሱት። ሻካራ የሆነው የባሕር አረም በተደባለቀበት ሲሚንቶ ስለተለሰነ ነው። ከአውሮፕላን ሲታይ ጫካ እንዲመስል ጣሪያው ላይም ተክል ነበረበት። ስንጥቁ ውስጥ ግን እንዳትገቡ፤ ከላይ የተንጠለጠለውን የያዘው ነገር የለም። ከመንገዱም አትውጡ። ከጦርነቱ በኋላ በአካባቢው የተቀበረውን ፈንጂ ለቅሞ ለመጨረስ እስከ እ.ኤ.አ. 1955 ፈጅቷል።

ጎብኚው ሁሉ ትልልቁን ምሽግ ፎቶ ሲያነሳ ሂትለር ከጦር መኮንኖቹ ጋር የሚሰበሰብበት ቤት የነበረበትን ቦታ ቶሎ ያልፈዋል። እባካችሁ እዚያ ቆዩ። የጀርመን ጦር መኮንን የነበረው ኮሎኔል ክላውስ ፎን ሽታውፈንበርግ ጁላይ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ለመግደል በቦርሳ ቦምብ ያስቀመጠው እዚህ ነው። ቀደም ሲል ጦርነቱ ውስጥ ቱኒዚያ ላይ ቀኝ እጁንና አንድ ዓይኑን አጥቷል፤ የቀሩት የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ናቸው። ሁለት ፈንጂ ይዞ ቢመጣም ያዘጋጀው አንዱን ብቻ ነው፤ ጊዜ አጠረው። ቦርሳው ከወፍራም የጠረጴዛ እግር ጀርባ ዞረ፤ እግሩም ሂትለርን ከለለው። የቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ፍንዳታው ወደ ውጭ ወጣ። አራት ሰው ሞተ፣ ሂትለር ተረፈ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ አሥር ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቀጠለ። ይህን እያሰባችሁ 13 ቁጥርን ዞር ብላችሁ እዩት።

አንዳንዱ እዚያ እጁን እንደ ናዚ ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል። እኛ ፋሺስት ወርሮን የነበርን ሕዝብ ልጆች ነን፤ በጭራሽ አታድርጉት፤ ልጆቻችሁንም ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጊዜ ካላችሁ ከጉዞው በፊት በርሊን ያለውን ቤንድለርብሎክ፣ የያኔውን የጀርመን ጦር መሥሪያ ቤት፣ ጎብኙ። ሽታውፈንበርግ በዚያው ሌሊት የተረሸነው ግቢው ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ናዚን የተቃወሙት ሰዎች መታሰቢያ ሙዚየም በነፃ ነው የሚገባው።