ክዳኑ አልያዝ ያለኝ የማንጎ ቻትኒ

ስድስት ጠርሙስ ጣፋጭና የሚያቃጥል የማንጎ ቻትኒ (ከፍራፍሬ፣ ከስኳርና ከኮምጣጤ የሚሠራ ማባያ) አሸግኩ። በማግስቱ የሁለቱን ክዳን መሃል በጣቴ ስጫነው ቀጭ ቀጭ ይላል። አልታሸገም ማለት ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የኔው ነበር፤ እስከ አፉ ስለሞላሁት ሲፈላ ገንፍሎ ጠርዙ ላይ ተጣብቋል።

24 ሰዓት ስላልሞላው ቻትኒውን ከሁለቱ ጠርሙሶች ድስት ውስጥ ገልብጬ እንደገና አፈላሁት። አሁን ከላይ 1.25 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተውኩ። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩና አዲስ ክዳን ገጠምኩ። ከዚያ ክዳኑን በሸፈነ የሚፈላ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ። (ከባህር ወለል እስከ 300 ሜትር 10 ይበቃል፤ ከ1,800 ሜትር በላይ 20 ነው።) ባለ 5 በመቶ አሲድ ኮምጣጤውን ግን አልነካሁም። የጎመዘዘው ስኳር ይጨምር እንጂ ኮምጣጤ አይቀንስ።

ሲቀዘቅዙ ሁለቱም ክዳኖች ቀጭ ብለው ወደ ውስጥ ሰረጉ፤ ታሸጉ ማለት ነው።