ጣና ዳር የቢች ቮሊቦል ጥንድ መገንባት፦ ከአሸዋው እስከ ሰርቪሱ

በቢች ቮሊቦል፣ ማለትም አሸዋ ላይ በሚደረገው መረብ ኳስ፣ ቡድን ማለት ሁለት ሰው ነው። ተቀያሪ የለም። አንዱ ከዛለ ሌላው ይሸፍንለታል፤ አንዱ ከተጎዳ ግን ጨዋታው ያበቃል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ይህን ስፖርት በቁም ነገር ሊይዝ የሚያስብ ሰው ከቁመቱና ከዝላዩ በፊት ለዓመታት አብሮት የሚዘልቅ ጥንድ ይፈልግ።

ለዚህ የምንመርጠው አርአያ የአድሪያና ቤሃር የስፖርት ሕይወት ነው። ቤሃር በ1969 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ የተወለደች አይሁዳዊት ብራዚላዊት ናት። ከአዳራሽ መረብ ኳስ ወደ አሸዋው መጥታ ከሼልዳ ቤዴ ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ተጣምራ ተጫወተች። በ1999 እና በ2001 የዓለም ሻምፒዮና አሸነፉ፤ በ2000 ሲድኒ፣ በ2004 ደግሞ አቴንስ ላይ የኦሊምፒክ ብር ሜዳሊያ ወሰዱ። ሼልዳ 1.65 ሜትር ብቻ ናት። ቤሃር በ1.80 ሜትር ቁመቷ መረቡ ላይ ብሎክ ትሠራለች (የተጋጣሚን ምት ዘልላ በእጇ ትዘጋለች)፣ ሼልዳ ከኋላዋ ያለውን አሸዋ በሩጫ ትሸፍናለች። አጭር ስለሆናችሁ ብቻ ይህን ስፖርት እንዳትተዉት።

ሌላም ነገር አለ። በሲድኒ ጊዜ የአንዱ ቡድን ሜዳ 9 በ9 ሜትር ነበር፤ ነጥብም የሚያገኘው ሰርቪስ (ኳሱን የሚያስጀምረውን ምት) የመታው ቡድን ብቻ ነበር። የፍጻሜው ውጤት 12ለ11 እና 12ለ10 የሆነው ለዚህ ነው። በአቴንስ ጊዜ ሜዳው 8 በ8 ሆኗል፤ እያንዳንዱ ኳስም ነጥብ ያስገኛል። ሕጉ ከሥር መሠረቱ ተለውጦ እነዚያው ሁለት ሴቶች እንደገና ፍጻሜ ደረሱ። ሰርቪስ አበላሽቶ “ምንም አይደለም” ማለት በሲድኒ ጊዜ ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን የተበላሸ ሰርቪስ ለተጋጣሚ የተሰጠ ነጥብ ነው። ልምምዳችሁን ስታቅዱ ይህን አስቡ።

ሜዳው

የጣና ዳርቻ በባሕር ዳር በኩል አሸዋማ አይደለም። ድንጋይ፣ ደንገልና ጥቁር አፈር ነው። ስለዚህ አሸዋው ከውጭ ይመጣል። መጫወቻው 16 በ8 ሜትር ነው፤ በዙሪያው ቢያንስ 3 ሜትር ነፃ ቦታ ሲጨመር 22 በ14 ሜትር ይሆናል። የአሸዋው ጥልቀት ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር መሆን ስላለበት 123 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አሸዋ ስለሚሰምጥ 10 በመቶ ጨምሩበት። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 9 ምልልስ ማለት ነው። ገንዘብ ካነሰ ለልምምድ ብቻ ነፃውን ቦታ 2 ሜትር አድርጉት፤ 96 ሜትር ኩብ ነው፤ 10 በመቶው ሲጨመር 7 መኪና ይበቃል። ጥልቀቱን ግን አትቀንሱ። 25 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ የሚዘል ሰው ተረከዙ ጠንካራውን መሬት ያገኘዋል፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱም ብዙ አይቆዩም።

ግንበኛ የሚወደው አሸዋ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለሲሚንቶ የተፈጨ አሸዋ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ቆዳ ይልጣል፤ የልስን አሸዋ ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ ይጠቀጠቃል፣ ያቦናል። የሚፈለገው የታጠበ የወንዝ አሸዋ ነው፤ የፍሬው መጠን ከሩብ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። በሐይቁ ምሥራቅ ከጉማራና ከርብ ወንዞች የሚወጣው አሸዋ ደለል ሊኖርበት ይችላል። ለመፈተን አንድ የመስታወት ጠርሙስ እስከ ሲሶው አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበትና በደንብ ነቅንቃችሁ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ጭቃ በግልጽ የሚታይ ድርብርብ ከሠራ መኪናውን መልሱ። ጭቃ ያለበት አሸዋ በበጋ እንደ ወለል ይጠጥራል። ግዢውን እስከ ግንቦት ጨርሱ፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መኪናም መውረድ አይችልም።

ሐይቁ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላት ትልቁ ስህተት ነው። የጣና ውሃ በክረምት ይጨምራል፣ ክረምቱ ሲያበቃ ገደማም ከሁሉ ከፍ ይላል፤ ጥቁር አፈርም ውሃ አያሳልፍም። ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳውን ከመሬት ከፍ አድርጉት። መጀመሪያ አፈሩን በ1 በመቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉ፣ በዝቅተኛው ጎን በኩል የተበሳሳ የ4 ኢንች ፕላስቲክ ቱቦ ቅበሩ። ጠጠሩና አሸዋው እንዳይቀላቀሉ በመሃል የሚነጠፍ ጨርቅ ያስፈልጋል። ለዚሁ የተሠራው ካልተገኘ የማዳበሪያ ከረጢቶችን ዘርግቶ በሲባጎ መስፋት ይሠራል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አሸዋ ይይዛል። ዳሩን በድንጋይ አትገንቡ፣ ኳስ ተከትሎ የሚወረወር ሰው አለና። ያረጀ የመኪና ጎማ ግማሽ ድረስ ተቀብሮ ሲደረደር የተሻለ ነው።

የሜዳውን ረጅም ጎን ከሰሜን ወደ ደቡብ አዙሩት። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ከጎን ትሆናለች፤ የማንንም ዓይን አትወጋም።

ምሰሶው ከአሸዋው በላይ 2.55 ሜትር ይቆማል። 40 ሴንቲ ሜትሩ አሸዋ ውስጥ፣ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትሩ ኮንክሪት ውስጥ ይገባል። ድምሩ 3.75 ሜትር ነው። ባለ 6 ሜትሩን ቱቦ ለሁለት ቆርጦ ሁለት ምሰሶ ለማውጣት መሞከር የተለመደ ነው፤ ሂሳቡ ግን ኮንክሪት ውስጥ የሚገባ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያስቀራል፣ መረቡ ሲወጠር ምሰሶው ይዘማል። ሁለት ቱቦ ግዙ። ምሰሶዎቹ ከጎን መስመሩ ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ርቀው ይተከሉ፣ በስፖንጅም ይጠቅለሉ። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ በዘንግ ለኩ። የመረቡ ርዝመት 8.50 ሜትር ነው፤ የአዳራሹ መረብ ከዚያ ስለሚረዝም ትርፉ ጥቅልል ይላል።

መስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ መሆን አለበት። የመኪና ቀበቶ ስፋቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ለልምምድ ጥሩ ነው። ገመድ አትጠቀሙ፣ የእግር ጣት ይይዛል። አራቱን ማዕዘን በካላማዳሪያ ላስቲክ አስራችሁ ከአሸዋው ሥር ከተቀበረ እንጨት ጋር አያይዙት፤ ሰው ሲረግጠው ይለጠጣል፣ ተመልሶም ቦታውን ይይዛል።

ሜዳውን በእሾህ አጥር ከከብትና ከውሻ ጠብቁ። በባዶ እግር ስለሚሠራ አሸዋው ከቆሸሸ ሙጀሌ መምጣቱ አይቀርም። ከልምምድ በኋላ አሸዋ ለማጠብ ወደ ሐይቁ መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ጀሪካን ውሃ አዘጋጁ።

ኳሱ

የቢች ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ይመዝናል፤ ከአዳራሹ ኳስ የሚለየው በዋናነት በግፊቱ ነው። የአዳራሹ 0.30–0.325 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን የቢቹ 0.175–0.225 ነው። ሁለተኛ ኳስ መግዛት ካልቻላችሁ የአዳራሹን አስተንፍሱት፤ ለፓስ ልምምድ ያገለግላል። የጎማ ቤት መለኪያ ለመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ በዚህ ዝቅተኛ ግፊት አይታመንም፤ ትንሿን የኳስ መለኪያ ፈልጉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ በባሕር ወለል ደረጃ ካለው በ16 በመቶ ያህል ይሳሳል። እዚህ የተመታ ኳስ ይረዝማል፣ ሳይሽከረከር የሚሄደው ተንሳፋፊ ሰርቪስም ብዙ አይወዛወዝም። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ለውድድር ስትሄዱ ይህ ይገለበጣል። ቀድማችሁ ደርሳችሁ ከሁሉ በፊት ሰርቪስ መቀበልን ተለማመዱ።

ልምምዱ

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ነው። ከዚያ በኋላ በመጋቢትና በሚያዝያ አሸዋው እግር ያቃጥላል፣ ነፋስም ይነሣል። በዐቢይ ጾም የሚጾም ተጫዋች ውሃ ሳይጠጣ በጠዋት ዝላይ ባይሠራ ይሻላል፤ ጠዋት ኳስ ማንሳትና (ለሚመታው ጓደኛ ከፍ አድርጎ ማቀበልና) ፓስ ብቻ ይሥራ፣ ከባዱን ሥራ ጾሙን ፈትቶ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ማታው ያዛውረው።

ከአዳራሽ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በስፓይክ (ዘልሎ ኳሱን በኃይል ወደ ታች በሚመታበት) ርምጃው ነው። አሸዋ ጉልበት ይበላል፤ ወደ ፊት ተንደርድሮ መዝለል ሰውን መረቡ ሥር ይጥለዋል። ሩጫው አጠር ይበል፣ ዝላዩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሁን፣ ኳሱ ተነሥቶ አቅጣጫው እስኪታወቅ ድረስም አትነሡ። ሁለተኛው ችግር እጅ ነው። በተከፈተ ጣት ኳሱን ከመረቡ በላይ ሸርተት አድርጎ መጣል በአዳራሹ ይፈቀዳል፣ እዚህ ግን ጥፋት ነው፤ ጣቶቹን አጥፋችሁ በአንጓ ምቱት። ብሎክ የነካው ኳስም እንደ አንድ ንክኪ ስለሚቆጠር የሚቀራችሁ ሁለት ብቻ ነው።

ብሎክ የሚሠራው ተጫዋች ከሰርቪስ በፊት ከጀርባው በጣት ይናገራል፦ አንድ ጣት በጎን መስመሩ በኩል የሚመጣውን ምት፣ ሁለት ጣት በሰያፍ የሚመጣውን እዘጋለሁ ማለት ነው፤ እጁ ከተጨበጠ ብሎክ የለም። ግራ እጅ በግራ በኩል ላለው፣ ቀኝ እጅ በቀኝ በኩል ላለው አጥቂ። ኋላ ያለው ብሎክ ያልዘጋውን ቦታ ይይዛል። ይህ እንደ ንግግር እስኪቀል ድረስ ሌላ ስልት አትጨምሩ። ጥንዶች ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት በመሃል ለመሃል በወደቀ ኳስ ነው፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ወስኑ፦ በሰያፍ ከሰርቪሱ ርቆ የቆመው ይውሰድ፣ ኳሱ ወደ ፊቱ ስለሚመጣ። ከዚያ ወዲያ “የኔ” የሚለው ድምፅ ኳሱ መረቡን ሳያልፍ ይውጣ።

ነፋሱን ማወቅ የጣና ዳር ተጫዋች ትልቁ ሀብት ነው። ቀን ላይ ምድሩ ከሐይቁ ቶሎ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ይመጣል፤ ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች በአብዛኛው ከሰሜን ማለት ነው። ታንኳ ቀዛፊዎች ማለዳ የሚወጡትም ለዚህ ነው። ነፋሱ ፊታችሁን ሲመታ ሰርቪሱን በኃይል ምቱ፣ ነፋሱ ኳሱን ሜዳ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ኳስ ስታነሡ ግን ወደ መረቡ ጠጋ አድርጉ፣ ወደ ኋላ ስለሚመለስ። ነፋሱ ከጀርባ ሲሆን ሰርቪሱ ዝቅ ይበል፣ የሚነሣው ኳስም ከመረቡ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ዕጣ ከወጣላችሁ ሰርቪሱን ትታችሁ የደቡቡን ጎን ውሰዱ። ጎን የሚቀየረው በየ7 ነጥቡ፣ እስከ 15 በሚሄደው ሦስተኛ ዙር በየ5 ነጥቡ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች ነፋሱ ሲረዳችሁ ሰብስቡ።