ከበሽተኛ መዝገብ እስከ ሐይቁ ውኃ፦ ቲሲስ የሚያበላሹ ስህተቶች

ከመጋቢት ጀምሮ ስልኬ አያርፍም። «ዳታው ተሰብስቧል፣ አናሊስሱ ላይ ብቻ ትንሽ እንድታግዘኝ ነበር» ይሉኛል። ሐዋሳ ውስጥ የማስተርስ ተማሪዎችን በቁጥር ሥራ ማገዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከሕክምናው ይመጣሉ። ሐይቁ ላይ የሚሠሩ ይመጣሉ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩም ይመጣሉ። አናሊስሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የማያልቀው ቀድሞ የተበላሸው ነው፤ ያኔ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ገና ፕሮፖዛል ላይ ላላችሁ፣ ደጋግሜ የማያቸውን እነሆ።

የኛን ቀን ለኤክሴል ዝም ብሎ መስጠት

የጤና ጣቢያ መዝገብ የሚሞላው በኛ አቆጣጠር ነው። የዝናብና የሙቀት መረጃው ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ይመጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ተማሪ እዚህ ጋ ካልተጠነቀቀ አለቀለት።

አንድ ልጅ ወባና ዝናብን ይዞ መጣ። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የሱ ግራፍ ላይ ግን ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ተራራ ሠርቷል። ጃንዋሪ ማለት እኮ ጠራራ በጋ ነው። እሱ ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ ሁለት ገጽ ውይይት ጽፎበታል! ፋይሉን ስከፍተው መስከረም «1»፣ ጥቅምት «2» ተብሎ ገብቷል። ኤክሴል ምን ያውቃል? 1 ካየ ለሱ ጃንዋሪ ነው።

ይሄስ ቢያንስ ግራፉ ላይ ያስታውቃል። የባሰው ድምፅ ሳያሰማ የሚጠፋው ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2014 ብላችሁ ስታስገቡ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ሌሎቹ ቀኖች ወደ ቀኝ ተጠግተው ሲሰለፉ እሱ ብቻውን ግራ ጥግ ይዞ ይቀራል። በወር ስትቆጥሩ አይገባም። ጳጉሜን 3 ደግሞ 3/13/2014 ተብሎ ሲጻፍ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ማርች 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም።

«8 ዓመት ብደምርበትስ?» የሚሉ አሉ። አይሆንም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገቡ። መዝገቡ ላይ ያለውን እንዳለ ያዙት። ወደ ፈረንጅ መቀየሩን መጨረሻ ላይ በፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሥሩት፤ በእጅ አንድ በአንድ የሚቀይር ሰው መቶኛው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል።

«2 ሰዓት» ብሎ ማለፍ

ይሄም የዚያው በሽታ ታናሽ ወንድም ነው። የኛ 2 ሰዓት ጠዋት በፈረንጅ 8 ነው። የኛ 8 ሰዓት ቀን ደግሞ በፈረንጅ 2። ስለዚህ ማስታወሻው ላይ 2ም 8ም ቢጻፍ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይታወቅም። ሁለት ልጆች ተራ በተራ ለክተው አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፉ ደግሞ ቻው ነው።

ሐይቁ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ውኃው ውስጥ ያለው አልጌ ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ደግሞ አልጌውም ዓሣውም ኦክስጅኑን ይጠቀሙታል። ውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ጎህ ሲቀድ ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ ይላል። እንግዲህ ጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ በጠዋት ለክታችሁ፣ አሞራ ገደል ምሳ በልታችሁ ከሰዓት ብትለኩ፣ ያገኛችሁት ልዩነት የብክለት ነው የፀሐይ? ዲፌንስ ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ መልስ የላችሁም። የየቦታውን ልኬት በተመሳሳይ ሰዓት አድርጉ። አጻጻፉንም ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙበት።

የስልክን ነጥብ በድሮ ካርታ ላይ መጣል

አንዷ ተማሪ ከዳር ብዙ ሳትርቅ ከጀልባ ላይ የቀዳችው ናሙና ካርታዋ ላይ ከተማ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ጂፒኤሱ አልተበላሸም። የሀገራችን ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መሠረት) ነው። ስልክና ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱን ሳያስታርቁ ከደባለቁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ እኛ ጋ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ነው የሚገፋው። ከተማው ደግሞ ከሐይቁ በምሥራቅ ነው። ልጅቷ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

423 ሰው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ

ይሄን ቁጥር የማያውቅ የጤና ተማሪ የለም። ስርጭቱን (የምታጠኑት ነገር ያለባቸውን ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ፣ የስህተት መጠኑን 5 በመቶ ትወስዳላችሁ፤ 384 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ስትጨምሩ 422 ወይም 423 ይሆናል። ከዚያ አድቫይዘር «እሺ» ይላል፣ ሁሉም ይስማማል።

ቀመሩ ስህተት የለበትም። ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሰዎቹ በቀጥታ በዕጣ ከተመረጡ፣ አንድን ስርጭት ከ5 የመቶኛ ነጥብ ባልበለጠ ስህተት ለመለካት ስንት ሰው ይበቃል? እናንተ ግን መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤት ነው የምትመርጡት። ጎረቤት ደግሞ ይመሳሰላል፤ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳል፣ ከአንድ ሱቅ ይገዛል። ከአንድ መንደር 40 ሰው መጠየቅ ከመላው ከተማ 40 ሰው እንደመጠየቅ አይደለም። ለዚህ ነው ቁጥሩን በ1.5 ወይም በ2 የሚያባዙት። ያንን ስትሰሙ አበልና ትራንስፖርት አስባችሁ ፊታችሁ እንደሚቀየር አውቃለሁ። ቢሆንም ነው።

ሌላም አለ። የምትፈልጉት ነገር ከ100 ሰው 3ቱ ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ በ5 ነጥብ ስህተት ልትለኩት ነው? ከዜሮ በታች እስከ 8 በመቶ ልትሉ ነው ማለት ነው። ሁለት ቡድን ማወዳደር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀመሩ ራሱ ሌላ ነው።

ጥያቄውን እዚያው በር ላይ መተርጎም

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይሠራል። ዳታ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ ሲፈልግ በአማርኛ፣ ሲፈልግ በሲዳምኛ ይጠይቃል። ስድስት ዳታ ሰብሳቢ ካለ ስድስት ዓይነት መጠይቅ አላችሁ። የአእምሮ ጤና ላይ የሚሠሩት በተለይ ይጠንቀቁ። ስትረስም «ጭንቀት»፣ አንዛይቲም «ጭንቀት» ተብለው ይተረጎማሉ፤ ከዚያ «ሁለቱ በጣም የተያያዙ ናቸው» የሚል ውጤት ይወጣል። አንድ ቃል ሁለቴ ጠይቃችሁ ምን እንዲወጣ ነው? አስቀድማችሁ አስተርጉሙ። ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ከዚያ ጥናቱ ውስጥ በማይገባ ቀበሌ ሞክሩት።

98 በመቶ ማግኘትና መደሰት

የኮምፒውተር ልጆች፣ ተራችሁ ደረሰ።

ሞዴል፣ ማለትም ከፎቶ በሽታ እንዲለይ የሠለጠነ ፕሮግራም፣ ሲፈተን 98 በመቶ ሲያመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ፎቶዎቹን እንዴት ከፈልካቸው?» ብዬ ነው። አንዱ የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚለይ ሞዴል ሠርቶ ነበር። ከእያንዳንዱ ተክል አሥራ ሁለት ፎቶ አንስቷል። እነሱን አሽከርክሮ፣ ገልብጦ፣ አብርቶና አጨልሞ አበዛቸው። ከዚያ በኋላ ነው 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን ለመፈተኛ የከፈለው። እና ያው አንድ ቅጠል፣ ትንሽ ተጠምዞ፣ በሁለቱም በኩል አለ። ተማሪውን ባጠናው ጥያቄ መፈተን ነው። በተክል ስንከፍለውና የተባዙትን ከፈተናው ስናወጣቸው ውጤቱ ክፉኛ ወረደ። ልጁ ተናደደብኝ፤ አልፈርድበትም።

ኤክስሬይ ላይም ያው ነው፦ የአንድ በሽተኛ ምስሎች ሁሉ በአንድ ወገን ይሁኑ። መክፈል መጀመሪያ፣ ማባዛት በኋላ፣ እሱም ማሠልጠኛው ላይ ብቻ። ደግሞ ከ1000 ሰው 950ው ጤነኛ ከሆነ፣ ምንም ሳያይ «ሁሉም ጤነኛ ነው» የሚል ሞዴል 95 በመቶ ያገኛል። ከታመሙት ስንቱን አገኘ? እሱን ነው ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ።

መዝገብ የምታገናኙ ከሆነ ፊደሉንም አስቡ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት በሽተኛ።

አጫጭሮቹ

መሣሪያው «አልተገኘም» ሲል 0 አትጻፉ። አልተገኘም ማለት መሣሪያው ማየት ከሚችለው በታች ነው ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም። የመሣሪያውን ዝቅተኛ ወሰን «ከዚህ በታች» ብላችሁ ጻፉ።

አንድ ቀን ጠይቆ ምክንያትና ውጤት መለየት አይቻልም። «ውኃ የሚያክሙ ቤቶች ተቅማጥ ይበዛባቸዋል» የሚል ውጤት አይቻለሁ። ልጁ ስለታመመ ነዋ ማከም የጀመሩት!

የሥነ ምግባር ፈቃድ ከዳታው በፊት ነው። ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

በሦስት ቀን «ተቀብለናል፣ ክፍያ ላኩ» የሚል ጆርናል ገምግሟችሁ አይደለም።

ፋይሉ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቀመጥ፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። አንዷ ከሻሸመኔ ስትመለስ ቦርሳዋ ሚኒባስ ውስጥ ጠፋ። የሰዎቹን ስም አውጥታ ዳታውን ማታ ማታ ለራሷ ኢሜይል ትልክ ነበር። ሰኞ ጠዋት እኔ ጋ መጥታ በኔ ኮምፒውተር ከፍተን ካቆምንበት ቀጠልን።