ድርጅታችሁ የትኛውን ማኅበራዊ ጉዳይ ይደግፍ? ከአንድ ሾፌር ጥያቄ የጀመረ መንገድ

በአንድ የጭነት ማጓጓዣ ድርጅት ውስጥ ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማኅበራዊ ድጋፍ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። በጀት በሚያዝበት ሰሞን ጠረጴዛዬ በድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ ይሞላል። የትምህርት አለ፣ የጤና አለ፣ የአካባቢ ጥበቃ አለ። ሁሉም እውነተኛ ችግር ነው። ሁሉንም መርዳት ግን አይቻልም።

መጀመሪያ ላይ አመራረጣችን ቀላል ነበር። በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለምንድን ነው? እሱን እንይዛለን። አንድ ዓመት ለተማሪዎች ቦርሳ አደልን። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ፕላስቲክ ብክለት ባነር አሠርተን ፎቶ ተነሣን። ሦስተኛው ዓመት ላይ የመጀመሪያውን ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ከዚያ በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አንድ አንጋፋ ሾፌር እጃቸውን አወጡ። «ቦርሳው ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን እኛ በዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ የምናልፈው ስንት ሰዓት ሳንተኛ ነው?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። እኔም ዝም ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ቀን ከሌት መንገድ ላይ የምንውለው እኛ ይህን ጉዳይ አንድም ቀን በአጀንዳ ይዘነው አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ምክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደብዳቤዎቹን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል «ሥራችን ማንን ይጎዳል?» ብላችሁ ጻፉ። በሌላው «ከሌላው አብልጠን የምናውቀው ምንድን ነው?» በሉ። የምትመርጡት ጉዳይ ቢያንስ ከአንዱ ጋር መገናኘት አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይከብዳል። አለቆች ቶሎ ሊያልፉት ይፈልጋሉ። አትለፉት፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ሲቪኤስ የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት መደብር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጋራ መሸጥ አቆመ። በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያስቀርበት ራሱ ተናግሮ ነበር። ሲጋራውን መደርደሪያ ላይ እንደያዘ ለሳንባ ሕሙማን ገንዘብ ቢሰጥ ኖሮ ማን ያምነው ነበር? እኛም የመጀመሪያው ሥራችን ስጦታ አልነበረም። የማድረሻ ሰዓቱን ነው የቀየርነው፤ ሾፌሮች እንዲያርፉበት። አንድ ደንበኛ በዚህ ምክንያት ትቶን ሄደ። አመመን፣ ግን ሰዓቱን ወደ ቀድሞው አልመለስነውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደስ ይላል። መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውንና ዓይን የሚያሳውረውን በሽታ የሚከላከል መድኃኒት በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ። የሚያስፈልገውን ያህል፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ። መድኃኒቱ የራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም ነበር። ቲኤንቲ የተባለው የዕቃ አመላላሽ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር መሥራት ሲጀምር ከገንዘብ ሌላ የማጓጓዝ ሙያውን ይዞ ነው የሄደው። እናንተም መጋዘን፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ባዶውን የሚመለስ መኪና ይኖራችኋል። ይህ ከቼክ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ ሠራተኛውን ጠይቁ። በመጠይቅ ወረቀት ብቻ አይሆንም፤ ሰው አለቃው ያነበዋል ብሎ ይጠነቀቃል። አምስት ስድስት ሆናችሁ፣ ኃላፊ በሌለበት ተቀመጡ። «ከኪሳችሁ እያወጣችሁ የምትረዱት ነገር አለ?» በሉ። መልሱ ያስደንቃችኋል። እኔ ያንን ጥያቄ ያነሡትን ሾፌር ኮሚቴው ውስጥ እንዲገቡ ለመንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ፕሮፖዛል መጀመሪያ የሚያነቡት እሳቸው ሆኑ።

ችግሩ የደረሰበትንም ሰው ጠይቁ። ቦርሳ ያደልንበት ትምህርት ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ በዚያው ዓመት ከሌሎች 2 ድርጅቶችም ቦርሳ እንደደረሳቸው ነገሩኝ። የቸገራቸው በሩ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ነበር፤ የእግረኛ ማቋረጫ የለውም። አፈርኩ። ቀድሜ ብጠይቅ አንድ ስልክ ነበር የሚፈጅብኝ።

ደንበኛ ምን ይላል የሚለውን ብዙ አትጨነቁበት። ደንበኛ የሚቆጣው ነገሩ የይስሙላ ሲመስለው ነው። ፔፕሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የተቃውሞ ሰልፍ የሚያሳይ ማስታወቂያ አውጥቶ በማግስቱ አነሣው። ሰዎች የታገሉበትን ጉዳይ ለስላሳ መሸጫ አደረገው ተብሎ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ስትመርጡ ይህን ፈትሹ፦ ካሜራ ባይኖር እንሠራዋለን? ደመወዛችን፣ የግዢ አሠራራችን ከዚህ ጋር ይጋጫል? 5 ዓመት እንቆይበታለን? አንዱ ላይ እንኳ ከተንተባተባችሁ ሌላ ጉዳይ ፈልጉ።

ገንዘቡን በቀመር እሰሩት። ፓታጎንያ የተባለው የልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሽያጩ 1 በመቶ ለአካባቢ ጥበቃ ይሰጣል። ከትርፉ አይደለም፣ ከሽያጩ ነው። ትርፍ በጠፋበት ዓመትም ይከፈላል ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ከከበደ ከትርፍ ጀምሩ፤ ግን ቁጥሩ ተጽፎ በቦርድ ይጽደቅ። አለበለዚያ ገበያው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

የቀሩት ደብዳቤዎችስ? መልሱላቸው፣ ሁሉንም። እኔ ለዓመታት ዝም እል ነበር፤ አሁን ያ ይቆጨኛል። አንድ ሰው ለታመሙ ልጆች ብሎ ጽፎ ወር ሙሉ ስልኩን እያየ ይጠብቃል። «የመረጥነው የመንገድ ደኅንነትን ነው፣ ለ5 ዓመትም ሌላ አንይዝም» ብላችሁ በ3 መስመር ጻፉላቸው። ጉዳያቸውን የሚይዝ ሌላ ድርጅት የምታውቁ ከሆነ ስሙን ጨምሩበት። ስልኩንም እንዲሁ።