ያገለገለ የፕላስቲክ ወንበር ሲገዙ ገልብጠው ይመልከቱ
ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ በዚህም ምክንያት ግቢ ውስጥ ውሎ የሚያድር የፕላስቲክ ወንበር ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ያገለገለ ወንበር የሚገዙ ከሆነ ገልብጠው ሥሩን ይመልከቱ፤ በሦስት ማዕዘን ቀስቶች መካከል 5 ቁጥር ካለ የተሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፣ ይህም መከላከያ ካልተጨመረበት ፀሐይ ቶሎ ይጎዳዋል። ቀጥሎ በጣትዎ ጠረግ ያድርጉት፤ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት ከለቀቀ ወይም እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን ስንጥቅ ከታየ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት (ለሠርግ ድንኳን የሚሆን ከሆነማ ጨርሶ አይንኩት)። ቤት ያለውን ጥላ ሥር ያኑሩት፤ ሲያጥቡትም ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እንጂ በሽቦ አይፈግፍጉት፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛልና።