የሙክቱ ሽንት ደጋግሞ ሲዘጋ

ጎንደር ላይ ለፋሲካ የሚቀለበው ሙክት ሽንቱ ተከፍቶለትም መልሶ የተዘጋው በፉርሽካው ምክንያት ነበር። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ካልሲየሙ የፎስፈረሱን እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ፉርሽካው በግማሽ ተቀንሶ ካልሲየም ያለው የአልፋልፋ (የመኖ ተክል) ድርቆሽ ተተካ፤ በቀረው መኖ ላይ ለ10 ኪሎ 200 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አይደለም፣ አፍ ይልጣል!) እና ብዙ ውኃ እንዲጠጣ 300 ግራም ጨው ገባ። ጨው ያለ ውኃ ጉዳት ነው፤ የጠዋቱን ውኃ ለብ አድርጎ ማቅረብ ነው፣ ቀዝቃዛውን አሽትቶ ይተወዋል።

ብልቱ አፍ ላይ ባለው ፀጉር አሸዋ መሳይ ነገር ከታየ ጠጠሩ ተመልሷል። እያማጠ ጠብታ ሽንት ብቻ ከወጣው፣ ውኃ በግድ አታጠጡት፣ ፊኛው ይፈነዳል፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚሰነቀረው ብልቱ ጫፍ ላይ ባለችው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ ይቆርጣታል።