የአሜሪካ ግዛት ፍርድ ቤት «ፍርዱን ሻረ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

«ፍርዱ ተሻረ» የሚል ዜና ስታዩ «ነጻ ወጣ» ብላችሁ ለማጋራት አትቸኩሉ። የሰው ስም ነው፣ የተጎጂዎችም ሕመም ነው። ዋናውን ውሳኔ ከፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ አውርዱት፤ ክፍያ የለውም።

መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ስም አጣሩ። ኒውዮርክ ውስጥ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» የሚባለው ጉዳይ የሚጀመርበት ነው፤ የግዛቲቱን የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው «የይግባኝ ፍርድ ቤት» የሚባለው ነው። ቴክሳስና ኦክላሆማ ደግሞ ለፍትሐ ብሔርና ለወንጀል የተለያዩ የበላይ ፍርድ ቤቶች አሏቸው።

ፋይሉን ስትከፍቱ የአብላጫው ዳኞች ጽሑፍ የሚያልቅበትን ቦታ ፈልጉ። የፋይሉን መጨረሻ አላልኩም፤ እዚያ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የተሸነፉት ዳኞች የልዩነት ሐሳብ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። የአብላጫው መዝጊያ ላይ ያለችው አጭር ትእዛዝ ናት ቁም ነገሩ፦ ጸንቷል፣ ተሽሯል፣ ወይም እንደገና እንዲታይ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሷል።

ሁለት ጉዳዮችን አስተያዩ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሲብ ጥቃት የተፈረደበትን የኮሜዲያኑን የቢል ኮዝቢን የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሽር ዳግመኛ እንዳይከሰስም አገደ። ሚያዝያ 2024 የኒውዮርኩ የይግባኝ ፍርድ ቤት በወሲብ ወንጀል የተፈረደበትን የፊልም ፕሮዲዩሰሩን የሃርቪ ዋይንስታይንን ፍርድ 4 ለ 3 ሲሽር ግን አዲስ ችሎት እንዲካሄድ ነው ያዘዘው። ሁለቱም «ተሻረ» ተባሉ። አንዱም ግን «ድርጊቱን አልፈጸመም» አላለም።

ቀጥሎ ጭብጡን ያዙ፤ ዳኞቹ የመለሱት ጥያቄ ምንድን ነው? በኮዝቢ ጉዳይ የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ አልከስም ብሎ ስለነበር፣ ኮዝቢ በቀረበበት የፍትሐ ብሔር ክስ ዝም የማለት መብቱን ሳይጠቀም በመሐላ ቃሉን ሰጠ፣ በኋላ የመጡት ዐቃብያነ ሕግ ደግሞ ያንኑ ቃል በወንጀል ችሎት አቀረቡበት። ፍርዱ የተሻረው በዚህ ነው። የፍትሐ ብሔርና የወንጀል መዝገብ እንዲህ ሊጠላለፉ ይችላሉ፤ የማስረጃ ሚዛናቸው ግን ይለያያል። በፍትሐ ብሔር የአንዱ ወገን ማስረጃ ትንሽም ቢሆን ካመዘነ ይበቃል፣ በወንጀል ግን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት።

በመጨረሻ ቀኑን እዩና ከዚያ ወዲህ የወጣ ሕግ ካለ ፈልጉ። የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቲት 2024 በአንድ የፍትሐ ብሔር ክስ ላይ የቀዘቀዙ ፅንሶች በግዛቲቱ የሞት ካሳ ሕግ እንደ ልጅ ይቆጠራሉ አለ። አንዳንድ ክሊኒኮች ፅንስን ከማህፀን ውጭ የማዘጋጀት ሕክምናውን (IVF) አቆሙ። መጋቢት ላይ ምክር ቤቱ ለሐኪሞቹ ከለላ የሚሰጥ ሕግ አወጣ።